ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ሃርድ ዲስኩ አስቡ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ካሜራ ዕቃ አመራረጥና ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስለሚያልፍበት መንገድ ነው። ንግግሩ የተዘጋጀው ፎቶግራፍ እንጀራቸው ባይሆንም በቁም ነገር ለያዙት ስለሆነ ሻተር ምንድን ነው፣ አይኤስኦ ምንድን ነው ከሚለው አንነሳም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የበዓል ቀኖቹን ግን በእኛው።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ፤ ጥምቀትን ማንሳት። ከጥር 10 ከተራ እስከ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ሦስት ቀን ነው፣ ጃን ሜዳም ይሁን ጎንደር። ጥምቀትን የመረጥነው ካሜራን የሚፈትን ነገር ሁሉ አንድ ላይ ስለሚገናኝበት ነው። ሳይነጋ የሚጀመር ጸሎት፣ እኩለ ቀን ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ነጭ ነጠላ፣ ቀይ ድባብ፣ ግፊያ፣ አቧራ። ታቦቱ አንዴ ካለፈ ደግሞ "እስኪ አንድ ጊዜ ይመለሱልኝ" ማለት የለም።

ሒሳቡን ከኋላ እንጀምረው። የባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንድ ሮው ፋይል (ካሜራው ገና ጄፔግ ሳያደርገው ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ነው፤ 28 እንበለው። በቀን 600 ፍሬም ብታነሱ 17 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፣ ሦስቱ ቀን 50 ጊጋባይት። በዓመት 10,000 ፍሬም የሚያነሳ ሰው 280 ጊጋባይት ያጠራቅማል። ይህ ደግሞ ቢያንስ በሁለት፣ በደንቡ በሦስት ቦታ መቀመጥ አለበት። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ቦዲው (ሌንሱ ሳይቆጠር ካሜራው ራሱ) ላይ ያዋለ ሰው እንግዲህ ገና ከሱቁ ሳይወጣ ጎድሎበታል። እኛ የምንመክረው ከ100 ብር 35ቱን ለቦዲ፣ 40ውን ለሌንስ፣ 20ውን ለሜሞሪ፣ ለትርፍ ባትሪና ለሁለት ሃርድ ዲስክ፣ የቀረውን ለማጽጃና ለቦርሳ ማድረግ ነው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም። የቦዲው ድርሻ ከግማሽ ካለፈ ግን አንዱ ነገር መጉደሉ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሌንሱ ነው።

ቦዲው ለምን ይህን ያህል ዝቅ አለ? 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ለማሳተም የሚያስፈልገው 2,362 በ3,543 ፒክሰል ነው፤ ከ8.5 ሜጋፒክሰል አይበልጥም። ባለ 24ቱ ካሜራ 6,000 በ4,000 ፒክሰል ስለሚሰጥ በዚያው ጥራት 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያደርሳል። ከዚያ በላይ የሚያሳትም አማተር ጥቂት ነው። ካኖንም ኒኮንም አዲስ ዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ሞዴል ለመጨረሻ ጊዜ ያስተዋወቁት በ2020 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን መስታወት ወደሌለው ካሜራ፣ ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። ይህ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው፤ ትናንት ባለሙያ ይሠራበት የነበረ ካሜራ ዛሬ ከነሌንሱ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ በቅናሽ ይገኛል።

ሚረርለስ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የሰው ዐይን ለይቶ ፎከስ ያደርጋል፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል ገና ሳታነሱት በመመልከቻው ያሳያችኋል፣ ድምፁን ማጥፋት ይቻላል፤ ቅዳሴ ላይ ይህ ድምፅ ማጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪ ግን ይበላል። ኒኮን ዲ7200 በአምራቾቹ የጋራ መለኪያ በአንድ ባትሪ 1,110 ፍሬም ሲሄድ ሶኒ ኤ6400 400 ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት የሌለበት ሜዳ ላይ ለሚውል ሰው ይህ የሁለት ትርፍ ባትሪ ልዩነት ነው።

ከዲኤስኤልአሮቹ ውስጥ ለዚህ ሥራ አንድ እንድጠራ ብገደድ ይኸው በ2015 የወጣውን ዲ7200 እጠራለሁ። ሁለት የሜሞሪ ማስገቢያ ስላለው አንዱ ካርድ ቢበላሽ ፎቶው በሌላው ላይ ይተርፋል። እሱን የተካው ዲ7500 አዲስ ነው ተብሎ በውድ ይሸጣል፣ ማስገቢያው ግን አንድ ብቻ ነው። አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም። የካኖን ወገን ከሆናችሁ 80ዲ ጥሩ ነው፤ እሱም ማስገቢያው አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የፊልም ያህል ትልቅ የሆነ ካሜራ) ፈልጋችሁ ኒኮን ዲ600 በሚያጓጓ ዋጋ ብታገኙ ቆም በሉ፤ ያ ሞዴል ሴንሰሩ ላይ ቅባትና ቆሻሻ በመርጨት የታወቀ ነበር፣ ኩባንያው ራሱ በ2014 ሻተሩን በነጻ እለውጣለሁ እስኪል ድረስ። የተለወጠለት ከሆነ ችግር የለበትም፤ ሻጩ ማስረጃ ያሳያችሁ።

ወደ ሌንሱ እንምጣ፤ ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው። ጥር 11 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሊቃውንቱ በወረብ ላይ ናቸው እንበል። በኤፍ 2.8 (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል) እና በአይኤስኦ 3200 ሻተሩ 1/200 ሰከንድ ቢሰጣችሁ፣ ከካሜራው ጋር በሚመጣው ባለ 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጫፍ ላይ፣ ማለትም በኤፍ 5.6፣ ያው ብርሃን 1/50 ይሆናል። በ1/50 የካህኑ ፊት ይወጣል፤ ጸናጽሉን የያዘው እጅ ግን ጭስ ነው የሚመስለው። የሌንስ ስቴብላይዘር እዚህ አያድናችሁም፤ የእናንተን እጅ እንጂ የካህኑን አያረጋም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ኤፍ 2.8 ላይ የማይለወጥ አጭር ዙም ይሁን። ታምሮንና ሲግማ እንደ ዲ7200 ላለው ትንሽ ሴንሰር ባለ 17–50 ኤፍ 2.8 ሠርተዋል፣ ያገለገለ በብዛት አለ። ሁለተኛው ባለ 50 ኤፍ 1.8 ነው፤ የካኖኑ 160 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ በትንሹ ሴንሰር ላይ የ80 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያቀርብ ለፊት ይመቻል። ሦስተኛው ለቀን ብርሃን የሚሆን ረጅም ዙም፣ ባለ 55–250 ወይም ባለ 70–300 ነው። 1.5 ኪሎ የሚመዝነውን ባለ 70–200 ኤፍ 2.8 የሚመኙ ብዙ ናቸው። በግፊያ መሃል ስድስት ሰዓት ተሸክሞት የቆመ ሰው ግን በማግስቱ ቤቱ ትቶት ይሄዳል።

ሌንስ ስትገዙ የነገውንም አስቡ። የኒኮን ኤፍ ማውንት (ሌንሱ ከቦዲው የሚገጥምበት ቀለበት) ከ1959፣ የካኖን ኢኤፍ ከ1987 ጀምሮ ስላሉ የሌንስ ክምችታቸው ማለቂያ የለውም። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር (በመካከል በሚገባ ማገናኛ) አዲሶቹ የአርኤፍ ሚረርለሶች ላይ ከነአውቶፎከሳቸው ይሠራሉ። ኒኮን ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። "ዲ" የሚል ምልክት ያላቸው አሮጌ አውቶፎከስ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው በቦዲው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። ይህ ሞተር በዲ7200 ውስጥ አለ፣ በዲ3000ና በዲ5000 ተከታታይ ሞዴሎች ውስጥ ግን የለም፤ ኤፍቲዜድ በሚባለው የሚረርለስ አዳፕተር ውስጥም የለም። በርካሽ የተገዛ ባለ 50 ሌንስ "አልሠራ አለኝ" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። "ኤኤፍ-ኤስ" የሚለውን ከገዛችሁ ዛሬም ነገም ይሠራል። በግልባጩ የሚረርለስ ሌንስ ዲኤስኤልአር ላይ አይሠራም። ዲኤስኤልአሩ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ለመስታወቱ ሲል 44 ወይም 46.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው፣ ሚረርለሱ ከ16 እስከ 20 ብቻ፤ ሌንሱን ወደ ውስጥ የሚያስጠጋ አዳፕተር ደግሞ ሊኖር አይችልም።

ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ ላፕቶፕም። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ፎከሱን ሆን ብላችሁ አደብዝዙት። ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። አቧራ ይጠረጋል፤ ቅርጹ ክብ የሆነና ጠርዙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ቅባት ነው። ቀጥሎ በ1/4000 ሰከንድ አንድ ወጥ የሆነ ብሩህ ነገር አንሱ። የፎቶው አንድ ጎን ከጨለመ ሻተሩ እየደከመ ነው። ከዚያ የሌንሱን ክዳን አድርጋችሁ በአይኤስኦ 1600 ለ30 ሰከንድ ክፈቱት፤ የተቃጠሉ ፒክሰሎች እንደ ኮከብ ይወጣሉ። ጥቂት ቢኖሩ አትደንግጡ። ኒኮን የሻተሩን ቁጥር በየፋይሉ ውስጥ ስለሚጽፍ ኤግዚፍቱል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይነበባል፤ አብዛኞቹ ካኖኖች ፎቶው ውስጥ አይጽፉትም፣ ካሜራውን በገመድ አገናኝቶ በሌላ ፕሮግራም መጠየቅ ያስፈልጋል። የዲ7200 ሻተር ለ150,000 ጊዜ የተፈተነ ነው፤ መቶ ሺህ ያለፈውን በግማሽ ዋጋ እንጂ በሙሉ አትውሰዱ። የባትሪውንም ዕድሜ ሜኑው ውስጥ ፈልጉ፤ ኒኮን ከ0 እስከ 4 በቁጥር፣ ካኖን በሦስት አረንጓዴ ሳጥን ያሳያል። ካሜራው ባትሪውን አላውቀውም ካለ ኦሪጅናል አይደለም ማለት ነው።

ሌንሱን በስልካችሁ መብራት ከኋላ በኩል አብሩበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ቢያስለምኑም አትግዙ። የፊት መስተዋቱ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፣ የኋላው ላይ ያለ ግን ይታያል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ብዙዎቹ ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው። ዋጋው አለቅጥ ከወረደ ቋንቋውን እዩ።

ዕቃ የሚመጣላችሁ ከአሜሪካ ከሆነ የካሜራ ባትሪ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃቸዋል። የስቱዲዮ ፍላሽ ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ 220 ላይ ከተሰካ አለቀለት። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ትርፍ ባትሪ ለሚያመጣው ሰው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጁ እንዲይዘው ንገሩት።

ሜሞሪ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ገበያው ውስጥ የተጭበረበረ ካርድ ስላለ አንድ ፈተና አትዝለሉ። ፌክ ካርድ 64 ጊጋባይት ነኝ ብሎ ውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 8 በሰላም ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚቀበል እየመሰለ ይጥለዋል። ስለዚህ አዲስ ካርድ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ሙሉውን ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍስሪ። ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ስለሚጽፍ 64 ጊጋባይቱን ለመሙላት ከ36 ደቂቃ በላይ ሊፈጅበት አይገባም፤ ከዚህ እጅግ ከዘገየ እሱም ራሱ መልስ ነው። ካሜራው የማይጠቀምበትን ፍጥነት አትግዙ። ዲ7200 የሚያውቀው ዩኤችኤስ-1 የሚባለውን የካርድ ፍጥነት ደረጃ ብቻ ስለሆነ ውዱ ዩኤችኤስ-2 ካርድ ለእሱ ጥቅም የለውም። ከአንድ 128 ሁለት 64 ይሻላል። ፎቶ በስህተት ከጠፋ ካርዱ ላይ ሌላ ምንም አታንሱ፤ አውጥታችሁ ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አብዛኛውን መመለስ ይቻላል።

አሁን ሜዳው ላይ ነን። ሮው ለምን? ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ይይዛል፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384። ጥላ ስር ያለን ጠይም ፊት በኋላ ለማንሳት ስትሞክሩ ልዩነቱ ያኔ ይታያል፤ ጄፔጉ ይሸነሸናል። ዋጋው ፋይሉ መክበዱ ነው። ዲ7200 በሰከንድ 6 ፍሬም ሲሄድ ባለ 14 ቢቱን 18 ያህል ከወሰደ በኋላ ይንገዳገዳል። ጣታችሁን ተጭናችሁ ከያዛችሁ በሦስት ሰከንድ ቀጥ ይላል፤ ታቦቱ ከድንኳኑ ሲወጣ ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ አንሱ።

የብርሃን መለኪያው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የሚሞክር ነው። ነጠላ የሞላበት ፍሬም ሲያይ "በዛ" ብሎ ያጨልማል፣ ነጠላውም ግራጫ፣ ፊቱም ጥቁር ይሆናል። ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ጨምሩ። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ያለው ነጠላ ብልጭ ብልጭ እያለ ካስጠነቀቃችሁ ግማሹን መልሱ። ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅት ፊቱን አስቀድሙ፤ ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ማንም አይከፋም፣ ጥለቱ እስካልጠፋ ድረስ።

ደግሞ የጥምቀት ፎቶ ላይ በብዛት የሚበላሸው ነጩ ሳይሆን ቀዩ ነው። በወርቅ ክር የተጠለፈ ቀይ ቬልቬት ድባብ ላይ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍ የሴንሰሩ ቀይ ቻናል ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው ቀድሞ ይሞላል። ባለ አንድ መስመሩ ሂስቶግራም (ብርሃኑ በፎቶው ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየው ግራፍ) ሦስቱን ቀላቅሎ፣ ይበልጡንም አረንጓዴውን አመዝኖ ስለሚያሳይ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት የቬልቬቱ እጥፋት የለም፣ የጥልፉ ጥላ የለም፣ አንድ ወጥ ቀይ ቀለም ብቻ ነው፤ የወርቁ ክር በቀይ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ ከሜኑው ባለ ሦስት ቀለሙን ሂስቶግራም ክፈቱ። ቀዩ የቀኙን ጠርዝ ሲነካ ከ1/3 እስከ 2/3 ስቶፕ ቀንሱ። የቀለም ስልቱንም (ኒኮን ፒክቸር ኮንትሮል፣ ካኖን ፒክቸር ስታይል የሚለውን) ከቪቪድ አውጥታችሁ ኒውትራል አድርጉት፤ ሮው ላይ ለውጥ ባያመጣም ሂስቶግራሙ የሚሠራው ካሜራው ከሚያዘጋጀው ጄፔግ ስለሆነ ቪቪድ ላይ የሚያሳያችሁ የተጋነነ ነው።

ከድባቡ ስር ያለው ካህን ፊት ላይ በጨርቁ ተጣርቶና ተንጸባርቆ የመጣ ቀይ ብርሃን ይኖራል። በዋይት ባላንስ (በብርሃን ቀለም ማስተካከያው) ፊቱን ስታስተካክሉ ውጭ የቆመው ዲያቆን ነጠላ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። መፍትሔው ፎቶውን በውጭው ነጠላ ማስተካከልና ፊቱን በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ በሚመርጥ መሣሪያ) ለይቶ ቀዩን መቀነስ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አታጥፉት፣ ድባብ ስር መሆኑ መታወቅ አለበት።

ድንኳን ወይም አዳራሽ ውስጥ ስትገቡ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ሌላ ጣጣ ያመጣል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደበዝዛል። በ1/50 ወይም በ1/100 ስታነሱ ሙሉ ዙር ስለሚይዝ አይታይም፤ በ1/320 አንዱ ፍሬም ይበራል ሌላው ይጨልማል፣ በሚረርለስ ዝምተኛ ሻተር ከሆነ ደግሞ አግድም ዥጉርጉር መስመር ይመጣል። አሜሪካ ያላችሁ ቁጥሩን በ60 ኸርዝ አስቡት፤ 1/60 ወይም 1/120 ገደማ። ገልፍ አገሮች ያላችሁ ሌላ ፈተና አለባችሁ። ከኤሲ ቤት በቀጥታ ወደ ውጭው ወበቅ ስትወጡ ሌንሱ በላብ ይጠመቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፣ ውጭ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ክፈቱት።

ማታ ቤት ደረሳችሁ። የሚጠፋው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው በዚህች ሰዓት ነው፤ ደክሟችኋል፣ ነገም አለ፣ ካርዱ ሞልቷል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። ካርዱን ከካሜራው አውጥታችሁ በካርድ ሪደር ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጉ፤ "ኮፒ" እንጂ "ከት" አይደለም፣ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ወይም ገመዱ ቢነቀል ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። ከዚያ ያንኑ ፎልደር ወደ ውጭ ሃርድ ዲስኩ። የፋይሎቹን ቁጥርና ጠቅላላ መጠን በሦስቱም ቦታ አስተያዩ፣ ከሦስት ከአራት ቦታ ፎቶ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ እዩ። ካርዱ ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በኮምፒዩተር ሳይሆን በካሜራው።

የፎልደሩ ስም በፈረንጆቹ ቀን ይጀምር፦ 2026-01-19፣ ከዚያ የቦታው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ በራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ግዕዝ ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቢኖርም ፋይሉ በዚፕ ሲታሰር ወይም በአሮጌ ፕሮግራም ሲከፈት ስሙ ወደ ባዶ ሳጥን የሚለወጥበት ጊዜ አለ፤ ፎቶውን ሳይሆን ስሙን ማጣት ይመጣል። አማርኛው ቦታው ፋይሉ ውስጥ፣ በካፕሽንና በኪይወርድ (በመግለጫውና በመፈለጊያ ቃላቱ) ላይ ነው። እዚያ ያለ ችግር ይቀመጣል።

ካሜራው ጳጉሜን አያውቅም። ጥር 11 በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ጃንዋሪ 20 ነው፣ በ2024 እንደሆነው። ስለዚህ "ጥምቀት" እና "2018" ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ኪይወርድ ካላስገባችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ በቀን ብቻ ስትፈልጉ አንዳንዱ ዓመት ያመልጣችኋል። ኪይወርድ ላይ ከዚህ የባሰው ጣጣ ፊደል ነው። አንዱን ፎቶ "ሥላሴ"፣ ሌላውን "ስላሴ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእናንተ አንድ ነው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ጸሎትና ፀሎት፣ ዓውደ ምሕረትና አውደ ምህረት፣ ኃይሌና ሀይሌ እንዲሁ። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ለሊቃውንቱ ተዉት፤ እናንተ አንዱን ምረጡና የቃላት ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ሁልጊዜ ከዚያ እየመረጣችሁ ለጥፉ፣ በእጅ አዲስ አትጻፉ። ላይትሩምና ዲጂካም የሚባሉት የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ዝርዝር ይይዛሉ። ካፕሽኑ ውስጥ ደብሩ፣ ቦታው፣ ከሰዓት ይሁን ከጠዋት፣ ታቦቱ የማን እንደሆነ ይግባ፤ በሳምንቱ ይረሳል።

ምርጫው ላይ ጨካኝ ሁኑ። የመጀመሪያው ዙር የተበላሸውን ማውጣት ብቻ ነው፤ ፎከስ የሳተ፣ ዐይን የጨፈነ። ማስዋብ አይጀመርም። ሁለተኛው ዙር በማግስቱ ይሁን፤ ከ600 ፍሬም 60 ያህል፣ ከ60ው 15 ያህል ቢቀር ጥሩ ቀን ነበር። ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለሚያስቸግራችሁ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ነጻ ናቸው፣ ሥራውንም ይሠራሉ፤ ዳርክቴብል ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከማንም አያንስም። የተሰበረ ላይትሩም ከየትም አውርዶ መጫን ግን ፎቶዎቹ ካሉበት ኮምፒዩተር ጋር ቫይረስ ማገናኘት ነው። ላይትሩም ለምትጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካታሎጉ ፎቶውን አይዝም፣ የት እንዳለና ምን እንደተደረገለት ብቻ ነው የሚያውቀው። ፎልደሩን ከላይትሩም ውጭ ካንቀሳቀሳችሁት የጥያቄ ምልክት ያወጣል። ከማስተካከያዎቹ ውስጥ ለውጦችን ወደ ኤክስኤምፒ ጻፍ የሚለውን ክፈቱት፤ ካታሎጉ ቢበላሽ ሥራችሁ ከፎቶው አጠገብ ባለች ትንሽ ፋይል ውስጥ ይተርፋል።

ለማስቀመጡ ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በእኛ አቅም እንዲህ ይሆናል። አንደኛው ላፕቶፑ ውስጥ፣ ሁለተኛው ቤት በሚቀመጥ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ያው ዓይነት ዲስክ እህታችሁ ቤት፤ በወር አንዴ ሁለቱን ትለዋወጣላችሁ። ዲስኩን ሥራ ሲያልቅ ንቀሉት፤ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክን የመብራት መዋዠቅም ቫይረስም ከላፕቶፑ ጋር አንድ ላይ ያገኙታል። ኤስኤስዲ ለሥራ ፈጣን ነው፤ ለዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ማኅደር ግን ተራው ሃርድ ዲስክ ይሻላል፣ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ብዙ ሲቆይ የያዘውን ሊለቅ ይችላል። ክላውድስ? በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚጭን ኢንተርኔት 50 ጊጋባይቱን ለመስቀል 11 ሰዓት ይፈልጋል፣ ሳይቋረጥ። ስልሳዎቹን ምርጦች ብቻ በትልቁ ጄፔግ አውጥታችሁ ብትሰቅሉ ግን 900 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ12 ደቂቃ ያልቃል። በየስድስት ወሩ ከሩቁ ዲስክ አንድ የቆየ ፎልደር ከፍታችሁ እዩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

የቀረው ፎቶው መውጫው ነው። ቴሌግራም ላይ በ"ፎቶ" ስትልኩት ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም፤ ለማተሚያ ወይም ለማስቀመጥ ከሆነ በ"ፋይል" ላኩት። ፌስቡክ ላይ ረጅሙን ጎን 2,048 ፒክሰል አድርጋችሁ ብትጭኑ ይሻላል። ሁለቱም ላይ የቀለም ስፔሱ (ፎቶው የሚይዘው የቀለም ስፋት) ኤስአርጂቢ ይሁን፤ አዶቤ አርጂቢ እንደሆነ ከላካችሁት ቀለሙን በማያነብ መሣሪያ ላይ ፎቶው ይገረጣል።

ማሳተም ላይ ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ "ጨለመብኝ" ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤቱ ሳይሆን የላፕቶፑ ስክሪን ነው፤ ብርሃኑ እስከ ጫፍ ስለተከፈተ የጨለመው ፎቶ ብሩህ መስሎ ታያችሁ። ለማተሚያ የሚሆን ስክሪን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በሜትር ካሬ፣ 6,500 ኬልቪን፣ ጋማ 2.2 ነው። መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ ነጠላም ጠይም ፊትም ያለበትን አንድ ፎቶ በ20 በ30 አሳትሙ፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያዙትና የስክሪኑን ብርሃን ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል ቀንሱ፤ ያን ደረጃ አስታውሳችሁ ከእንግዲህ እዚያ ላይ ብቻ ሥሩ። ለማተሚያ ቤቱ ደግሞ በማሽኑ ላይ ያለውን አውቶማቲክ ማስተካከያ እንዲያጠፋው አስቀድማችሁ ንገሩት። ያለዚያ ማሽኑ እንደ ካሜራው መለኪያ ነጠላውን ግራጫ ያደርገዋል፣ ጠይሙን ፊት ያነጣዋል፤ እናንተም ማስክ እየሳላችሁ ያመሻችሁበት ሥራ ከንቱ ይሆናል።